አለቃው ላኩት ሲል እምቢ የሚለው ማነው?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ ክሩን፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ ባንክ የሐዋላ ክፍል ነው። እኛ ቤት ሁሉም ዋየር ነው የሚለው። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ለወሬውም አያስፈልግም። ዓመቶቹንና ወሮቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

የመክፈቻው ጽሑፌ ስለ ሃርትላንድ ትራይ ስቴት ባንክ ነበር። ባንኩ የነበረባት ኤልክሃርት በካንሳስ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ኦክላሆማ ድንበር ላይ ያለች፣ ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላት የገበሬ ከተማ ናት። ባንኩ አራት ቅርንጫፎችና 139 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሀብት ነበረው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሻን ሄንስ ከተማው የሚያከብረው ሰው ነበር። የካንሳስ ባንከሮች ማኅበርንም በሊቀመንበርነት መርቷል። ይህ ሰው በ2023፣ ከሜይ እስከ ጁላይ ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ አሥር ያህል ሐዋላ አስልኮ 47.1 ሚሊዮን ዶላር የባንኩን ገንዘብ ክሪፕቶ ወደሚባለው ዲጂታል ገንዘብ አሻገረ። በኢንተርኔት የተዋወቁት አጭበርባሪዎች የውሸት ትርፍ እያሳዩ አጓጉተውት ነበር። ጁላይ 28 ባንኩ ተዘጋ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንዱ ላይ የደረሰው ኪሳራ 54.2 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። በኦገስት 2024 ሄንስ 293 ወር ተፈረደበት። ሃያ አራት ዓመት ከአምስት ወር ማለት ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። የጎደለው ሕግ ነው ወይስ እምቢ የሚል ሰው? የራሴንም አቋም ጨመርኩበት። ሕግ ሞልቷል፣ ያንን ባንክ የገደለው ይሉኝታ ነው አልኩ። አለቃ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ እንዴት ብዬ እጠይቀዋለሁ የሚለው ነገር።

አምስት ስድስት ሰው አይቶት የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። 24 ምላሽ መጣ። የሰዎቹን ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም፤ እንደገባኝ ላውራችሁ።

ምላሽ 1 በምስጋና ጀመረ። ጸሐፊው የባንክ ሰው አለመሆኑን ገልጾ፣ እንዲህ ያለው፣ የማኅበረሰብ ባንክ የሚባለው ትንሽ ባንክ ከትልልቆቹ በምን እንደሚለይ በትሕትና ጠየቀ። እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። ይህን የማነሳው እርስዎ ማለት ወደ ታች እየቀረ ስለሚሄድ ነው።

ምላሽ 2 አስረዳው። ባንኩ ተቀማጩን ከአካባቢው ሰው ይሰበስባል፣ ብድሩንም ለዚያው ሰው ይሰጣል። በመጠን ሲለይ ብዙ ጊዜ 10 ቢሊዮን ዶላር ሀብት እንደ ድንበር ይያዛል፤ አብዛኞቹ ግን ከዚያ በጣም ያንሳሉ። ዋናው ነገር ብድር ፈቃጁ ተበዳሪውን በስም ማወቁ ነው ይላል። መሬቱን አይቶታል፣ አባቱንም ያውቃል። በ1984 አሜሪካ ከ14,000 በላይ ባንኮች ነበሯት፤ ዛሬ 4,500 አይሞሉም። የጠፉት አብዛኞቹ ትናንሾች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከስረው ሳይሆን ተሸጠው ነው። ይህን የጻፈው ሰው ትንሽ የከፋው ይመስለኛል።

ምላሽ 3 ቃሉ ላይ ተሰነቀረ። የማኅበረሰብ ባንክ የሚለው አጠራር አልጣመውም። የመረዳጃ ማኅበር ያስመስለዋል፤ እነዚህ ግን ባለ አክሲዮን ያላቸው፣ ትርፍ የሚፈልጉ ድርጅቶች ናቸው። የአካባቢ ባንክ ይባል አለ። ትክክል ነው፤ እኔም ከዚህ ወዲያ እንደሱ ነው የምለው።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ምላሽ 4 የጻፈችው ሴት በአካባቢ ባንኮች የሕግ ተገዢነት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርታለች። ከሁሉም ረጅሙና፣ እንደኔ እንደኔ፣ ምርጡ ይህ ነው። የፌዴራል ሪዘርቭ፣ ማለትም የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በፌብሩዋሪ 2024 ያወጣውን ሪፖርት አንብባዋለች። ሪፖርቱ ሠራተኞቹ የባንኩን የሐዋላ ፖሊሲና የቀን ገደብ አልፈው ገንዘቡን እንደላኩ ይናገራል። ምክንያቱም ዋና ሥራ አስፈጻሚው በባንኩም በከተማውም የነበረው ከፍ ያለ ቦታ ነው። እስከዚህ ከኔ ጋር ነች።

ከዚያ ግን ትለያለች። ይሉኝታ ማለቴ ጥፋቱን ከአሠራሩ አውርዶ ሰው ላይ መጫን ሆኖባታል። ሐዋላ እንዴት መሄድ እንዳለበት ዘረዘረች። አንዱ ሰው ትእዛዙን ያስገባል። ሌላው ያጸድቃል። ሦስተኛው በማግስቱ ሒሳቡን ያስታርቃል። ሦስቱም ጣሪያ አላቸው፤ ጣሪያው የተጻፈው ግን ፖሊሲ ማኅደር ውስጥ ሳይሆን ሲስተሙ ውስጥ መሆን አለበት። ከጣሪያው በላይ የሆነ ትእዛዝ ሲገባ ስክሪኑ ራሱ ይቆልፋል። ያኔ ማንም ጀግና መሆን አይጠበቅበትም። ሠራተኛዋ ሲስተሙ አልቀበልም አለኝ ብላ ትገላገላለች። በሥራ ዘመኗ እነዚህ ነገሮች በወረቀት ላይ የሌሉበት ባንክ አይታ አታውቅም። የሚያፈርሳቸው አንድ ሐረግ ነው፤ ለዛሬ ብቻ የሚለው። ለዛሬ ብቻ ብሎ የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ሰውና ገንዘቡን ላኩልኝ ያለው ሰው አንድ ከሆኑ፣ ቁጥጥር የሚባል ነገር የለም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አቋሜ ትንሽ ተነቃነቀ። እዚያው ላይ ግን አላመንኩም። ኩራት ነው መሰለኝ።

ምላሽ 5 ተቆጥታ ነው የመጣችው። መስኮት ላይ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ገንዘብ ከፋይ ናት። እኔም ሆንኩ ምላሽ 4 ስለ እንጀራ አንዲት ቃል አለማንሳታችን አናደዳት። ከተማው ውስጥ ያለው ባንክ አንድ ወይም ሁለት ነው። ከሥራ የወጣ ሰው ሌላ ባንክ ለመቀጠር ከተማ መቀየር አለበት። የቤቱ ብድርም ያለው እዚያው ባንክ ነው። እሷ በሠራችበት ቤት ሥራ አስኪያጁ የአንድ ዘመዱን የዋስትና ሰነድ ሳያሟላ ብድር አስፈቅዶ ነበር። አንዲት ሠራተኛ ጠየቀች። ማንም አላባረራትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባ አይነግሯትም፣ የፈረቃ መርሐ ግብሯ ይቀያየራል፣ በዓመቱ ራሷ ለቀቀች። እንግዲህ ይሉኝታ በሉት አለችን። መልስ አልነበረኝም።

ምላሽ 6 ሌላ በር ከፈተ። 10,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሲያወጣ ባንኩ እንደ ወንጀለኛ ፎርም እንደሚያስሞላው ተናዶ ጻፈ። 47 ሚሊዮኑ ሲወጣ የት ነበሩ ይላል። ብዙ ሰው ወደደለት። ምላሽ 7 ግን አረመው፣ ያውም በጨዋነት። ያ ሪፖርት ከ10,000 ዶላር በላይ ለሆነ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ሕጉ የ1970 የባንክ ምስጢራዊነት ሕግ ነው። ሐዋላ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በሌላ መንገድ ነው የሚታየው። አጠራጣሪ ነገር ሲኖር ባንኩ የጥርጣሬ ሪፖርት ያቀርባል። እዚህ ላይ ደግሞ ቀልዱ መጣ፤ በትንሽ ባንክ ያንን ሪፖርት የሚያዘጋጀው ሰው አለቃ ማነው? ያው ሥራ አስፈጻሚው ነዋ። ምላሽ 7 በመጨረሻም ለምላሽ 6 ምክር ጣል አደረገለት። ፎርሙን ለመሸሽ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማውጣት ራሱ ወንጀል ነው።

ምላሽ 8 የቀድሞ የባንክ መርማሪ ነው። ደረቅ ሰው ነው፣ ግን ያውቃል። ሕዝቡ መርማሪን እንደ ዘበኛ ያየዋል፣ እሱ ግን ራሱን እንደ ሐኪም ነው የሚያየው። ሀብታቸው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች የሆነ፣ በጤናማ ደረጃ ላይ ያሉ ባንኮች ሙሉ ምርመራ የሚደረግላቸው በ18 ወር አንዴ ነው። በመሃል በየሩብ ዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት ይልካሉ። የኤልክሃርቱ ምዝበራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥቂት ሳምንታት ነው የፈጀው። ከአንዱ ሩብ ዓመት ሪፖርት እስከ ቀጣዩ ባለው ክፍተት ውስጥ ይገባል ማለት ይቻላል። ጎበዝ መርማሪ ቢላክም የሚደርሰው ለቀብሩ ነው።

ቀጥሎ ስለ ደረጃ አሰጣጡ አወራ። ካሜልስ የሚባለው መለኪያ ስድስት ነገር ያያል። ካፒታል፣ የሀብት ጥራት፣ አመራር፣ ገቢ፣ የጥሬ ገንዘብ አቅምና ለገበያ ለውጥ ተጋላጭነት። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን 1 ምርጡ ነው። አምስቱ በቁጥር ይያዛሉ። አመራር ግን ሲመጣ መርማሪው የሰውየውን ዓይን ማየት ይቀረዋል። እሱ ራሱ ቦርድ ስብሰባ ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ይቆጥር ነበር። ሥራ አስፈጻሚው ሲናገር የሚያቋርጠው ሰው አለ ወይ? ማንም የማያቋርጠው ከሆነ ማስታወሻው ላይ ኮከብ ያደርጋል። ይህቺ ኮከብ በጣም ደስ አለችኝ።

ምላሽ 9 ታዲያ ተቆጣጣሪ ምን ይሠራል፣ ይፍረስ አለ። ከዚያም ገንዘቡን የከፈልነው እኛ ግብር ከፋዮች ነን ብሎ ደመደመ። ሦስት ሰዎች ተረባረቡበት፤ ምላሽ 10 ነው በሥርዓት የመለሰለት። የመድን ፈንዱ የሚሞላው ባንኮች ራሳቸው በሚከፍሉት ዓረቦን ነው። ፈንዱን የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲአይሲ፣ በ1933 የተቋቋመው በአራት ዓመት ውስጥ 9,000 ያህል ባንኮች ከወደቁ በኋላ ነው። መድኑ ሥራ ሲጀምር በጃንዋሪ 1934 የሚሸፍነው 2,500 ዶላር ነበር። ዛሬ ለአንድ አስቀማጭ፣ በአንድ ባንክ፣ በአንድ የባለቤትነት ዓይነት 250,000 ዶላር ነው። የሲሊከን ቫሊ ባንክን ጉዳይም አመጣ። በማርች 9፣ 2023 በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት፣ በማግስቱ ተዘጋ። የዚያን ኪሳራ ለመሙላት ልዩ መዋጮ ሲጣል የአካባቢ ባንኮች በእኛ ጥፋት አይደለም ብለው ጮኹ፤ ሀብታቸው ከ5 ቢሊዮን ዶላር በታች የሆኑት ከመዋጮው ነፃ ሆኑ። ምላሽ 9 አልተመለሰም።

ምላሽ 11 ለባንክ ደንበኛ ከሁሉም የሚጠቅመው ነው። ሁለት ባንኮችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሃርትላንድ ሲዘጋ እዚያው ካንሳስ ያለው ድሪም ፈርስት ባንክ ተቀማጩን በሙሉ ተረከበ። ዓርብ ተዘጋ፣ ሰኞ ቅርንጫፎቹ በሌላ ስም ተከፈቱ። አንድም አስቀማጭ አልጎደለበትም። በኦክቶበር 2024 ግን ኦክላሆማ ውስጥ ፈርስት ናሽናል ባንክ ኦፍ ሊንድሴ ተዘጋ። ሀብቱ 108 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከሃርትላንድም ያነሰ። ተቆጣጣሪው ሐሰተኛና አሳሳች መዝገብ አግኝቶበታል። እዚህ ግን ገዢው ባንክ የተረከበው በመድን የተሸፈነውን ብቻ ነው። ከ250,000 በላይ ለነበራቸው ሰዎች መጀመሪያ ላይ የተለቀቀላቸው ከ250,000 በላይ ከነበረው ገንዘብ ግማሹ ነው። ስለዚህ ትንሽ ባንክ ነው፣ ያውቁኛል፣ ምንም አይሆንም ብሎ ቤት ሸጦ ገንዘቡን አንድ ቦታ መከመር አያዋጣም። በዚህ ላይ የተከራከረ የለም። ገርሞኛል።

ምላሽ 12 ላይ እሳቱ ተጫረ። ጸሐፊው ሄንስን ተጎጂ አለው። ተታልሏል፣ ከዘረፋውም ሰባራ ሳንቲም አልተጠቀመም፣ የራሱም ገንዘብ ሄዷል ይላል። ሃያ አራት ዓመት በዝቶበታል። እስከዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ምላሽ 5ን ግን በስም ጠቅሶ፣ ገንዘብ ከፋዮች ሁሉ ፈሪዎች ናቸው አለ። አንቺ ብሎ ነው የጻፈላት። ከሱ በላይ ያሉት ሁሉ እርስዎ ሲሉ ነበር።

ከ13 እስከ 15 ያሉት ምላሾች ከዚያ ጠብ ይልቅ ስለ ስያሜው መጫወት መረጡ፤ እግዜር ይስጣቸው። ማጭበርበሩን እንግሊዝኛው አሳማ ማረድ ነው የሚለው፤ መነሻው ቻይንኛ ነው። በአማርኛ ምን እንበለው? አንዱ ማደለቢያ አለው። ሌላው ፍሪዳ አለው። ታስሮ፣ ተቀልቦ፣ ሲወፍር ባለቤቱ ራሱ ቢላዋ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው አልተስማማም፤ ፍሪዳ ለክብር እንግዳ የሚታረድ ስለሆነ ለዚህ አይመጥንም፣ እዚህ እንግዳውም ታራጁም አንድ ሰው ነው አለ። አሠራሩን ግን ጥሩ አድርገው ነገሩን። መጀመሪያ ወዳጅነት ይመጣል። ቀጥሎ ትንሽ ገንዘብ ታስገባለህ፣ ስክሪኑ ላይ ሲያድግ ታያለህ። አንዳንዴ ትንሽ ያስወጡሃል፣ እንድታምን። ትልቁን ለማውጣት ስትሞክር ግን ግብር ክፈል፣ ዋስትና አስይዝ ይሉሃል። ያም ሲከፈል ሌላ ይመጣል። ሄንስም በመጨረሻ የገባውን ለማስለቀቅ አንድ የከተማውን ሀብታም 12 ሚሊዮን ዶላር አበድረኝ ብሎት ነበር። ሰውየው ነገሩ ሸተተው፣ እምቢ አለ፣ ለባንኩ ቦርድም ወሬው የደረሰው በሱ በኩል ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እምቢ ያለው ሰው ከሄንስ ደመወዝ የማይጠብቅ ሰው ነው። ምላሽ 5 ትክክል ነበረች።

ምላሽ 16 ለምላሽ 12 የተጻፈ ነው፤ ያለ ስድብ፣ ቀዝቀዝ ብሎ። ሄንስ ከባንኩ በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ 40,000 ዶላር፣ ከአንድ የኢንቨስትመንት ክበብ 10,000 ዶላር፣ ከሴት ልጁ የኮሌጅ ቁጠባ 60,000 ዶላር ወስዷል። ተታልሏል፣ እሺ። የልጁን ገንዘብ ሲያነሳ ግን ማንም እጁን አልጠመዘዘውም። የባንኩ ባለ አክሲዮኖች ደግሞ እዚያው ከተማ የሚኖሩ፣ ጡረታቸውን በባንኩ አክሲዮን ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። የተቀማጭ መድን አክሲዮንን አይሸፍንም። በኋላ ኤፍቢአይ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን አስመልሶ ለነሱ እንዲሰጥ ሆኗል። ስንት ሌሊት ሳይተኙ እንዳደሩ ግን ማን ይቆጥራል። ምላሽ 12 ከዚህ በኋላ ሁለት ቃል ጻፈ፣ እሱንም ራሱ አጠፋው።

ምላሽ 17 የሳይበር ደኅንነት ሠራተኛ ነው። የአካባቢ ባንኮች ሁሉ በጀታቸውን ፋየርዎል በሚባለው የኮምፒውተር መከላከያ ላይ ያፈሳሉ፣ ሌባው ግን የማዕዘኑ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል አለ። ጥሩ አባባል ነው፣ ግን አፉን ሳይዘጋ ምላሽ 18 መጣበት። ይህኛው የባንኮች የሒሳብ ሲስተም አቅራቢ ዘንድ የሠራ ነው። አብዛኞቹ የአካባቢ ባንኮች ዋናውን የሒሳብ ሲስተም ራሳቸው አይሠሩም፤ ከፋይሰርቭ፣ ከጃክ ሄንሪ፣ ከኤፍአይኤስ ይከራያሉ። አቅራቢው ሲመታ ብዙ መቶ ባንክ አብሮ ይመታል። ለዚህ ነው ከሜይ 2022 ጀምሮ ባንክ ከባድ የኮምፒውተር ጥቃት መድረሱን ባረጋገጠ በ36 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ የተገደደው። የውጭውን ሌባ መናቅ የውስጡን አያስይዝም፤ እንዲያውም ሁለቱ የሚገቡበት በር አንድ ነው ይላል።

ማስረጃ ብሎ ያመጣው ገጠመኝ እነሆ። አንድ የግንባታ ድርጅት ለባንኩ ኢሜይል ላከ። የተለመደው አቅራቢያችን ሒሳብ ቀይሯል፣ ክፍያውን ወደዚህኛው ላኩ። አድራሻው ትክክል፣ ፊርማው ትክክል፣ አጻጻፉም የሒሳብ ሹሙ አጻጻፍ። የሐዋላ ሠራተኛዋ ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ፋይል ውስጥ ባለው አሮጌ ቁጥር ደወለች። ሒሳብ ሹሙ ምንም አልላከም። ሌባው የሰውየውን የኢሜይል ሳጥን ሰብሮ ሳምንታት ሲያነብ ከርሟል። ሐዋላ አንዴ በፌድዋየር፣ በፌዴራል ሪዘርቭ የሐዋላ መስመር፣ ከሄደ የተቋጨ ነው፤ ልክ እንደ ቼክ ይቁምልኝ አይባልም። ገንዘቡን ያዳነው አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ያቺን ሠራተኛ ግን ስንት ጊዜ ለምን ታዘገዪናለሽ ብለው ተቆጥተዋታል።

ምላሽ 19 ስለ ቦርዶች ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። የትንሽ ከተማ ቦርድ አባላት ከብት አርቢ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ጠበቃ ናቸው። ራሳቸውም የባንኩ ተበዳሪዎች ናቸው። ሥራ አስፈጻሚውን የሚያውቁት ከልጅነቱ ነው። በዚያ ላይ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር መመርመርን የሚያስገድደው የፌዴራል ደንብ በወቅቱ የሚጀምረው ሀብታቸው 500 ሚሊዮን ዶላር ከደረሰ ባንኮች ነበር። ሃርትላንድ ከዚያ አንድ ሦስተኛም አይሞላም።

ምላሽ 20 መድኃኒቱ ዕረፍት ነው አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ግን እውነትም ይህን ይመክራሉ፤ ማንኛውም የባንክ ኃላፊ በዓመት ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ከሥራው ይራቅ፣ ኮምፒውተሩንም አይንካ። አብዛኛው ማጭበርበር በየቀኑ መታከም ይፈልጋል። የዛሬው ጉድለት በነገ ገንዘብ ይሸፈናል። አጭበርባሪው ለሁለት ሳምንት ሲጠፋ ተተኪው ያገኘዋል። ምላሽ 20 በሠራበት ባንክ አሥራ አንድ ዓመት ዕረፍት ወጥታ የማታውቅ፣ ሁሉም ታታሪ የሚላት የብድር ሠራተኛ ነበረች። በየዓመቱም ትሸለም ነበር። ቀዶ ሕክምና ገብታ ሦስት ሳምንት ስትተኛ የማይኖሩ ተበዳሪዎች ስም ተገኘ። ሽልማቶቹ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ነበር ይላል።

ምላሽ 21ን አላየሁትም። አወያዩ ቀድሞኝ አንስቶታል። ከተከተሉት ቁጣዎች እንደተረዳሁት አንድ ሰው ጉዳዩን ወደ ፖለቲካ ወስዶ፣ የየትኛው ፓርቲ ሹም ቁጥጥሩን እንዳላላው ሲሳደብ ነበር። አወያዩ በምላሽ 22 ማስጠንቀቂያ ጻፈ። በዚያው ላይ ምላሽ 4 ብቻ እንዲነበብ ከላይ ቢሰካ የሚል አስተያየት ጨመረ። ተስማምቻለሁ።

ምላሽ 23 በቀጥታ ለኔ ነው የተጻፈው። ጸሐፊዋ ያው ምላሽ 5 ናት፣ ተመልሳ መጥታ። በዚህ ጊዜ አልተቆጣችም። ሐዋላ ክፍል ነው የምሠራው ብለሃል አለችኝ፤ ይሉኝታ ይሉኝታ ትላለህ። ለመሆኑ አንተ እምቢ ብለህ ታውቃለህ?

ለሁለት ቀን መልስ አልጻፍኩም። ከዚያ የሆነውን ነገርኳት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዓርብ፣ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ አለቃዬ ከመንገድ ላይ ደወለ። አንድ ደንበኛ የመሬት ግዢ እየዘጋ ነው፣ ሐዋላው ዛሬ ካልሄደ ውሉ ይፈርሳል። ወረቀቱ አልተሟላም። የደንበኛውን ቁጥር ከፋይል አውጥቼ መደወል ነበረብኝ። አጽዳቂዋ ልጇን ልታመጣ ወጥታለች፤ የመግቢያ ቃሏን ግን ለችግር ጊዜ ብላ ትታልኝ ነበር። ይህም ራሱ ክልክል ነው። አለቃዬ ሰኞ ወረቀቱን እፈርማለሁ አለኝ። ለዛሬ ብቻ አላለም፣ ግን ያው ነው። እኔው አስገባሁ፣ በሷ ቃል እኔው አጸደቅሁ። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ምንም አልሆነም። ደንበኛው እውነተኛ ነበር፣ መሬቱም እውነተኛ ነበር። ሰኞ አለቃዬ ፈረመ፣ አመስግኖኝ ቡና አመጣልኝ። ኦዲተር በመጣ ጊዜም ወረቀቱ ሙሉ ስለነበረ ማንም አልጠየቀኝ። ስለ ኤልክሃርት ሳነብ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ሄንስ አይደለም። ሐዋላውን የላኩት፣ ስማቸው የትም የማይነሳው ሠራተኞች ናቸው። እነሱም የመጀመሪያውን ሲልኩ ዓርብ ከሰዓት ይሆን?

ለምላሽ 4ም እዚያው ላይ ጻፍኩላት። የምትይው ትክክል ነው፣ ስክሪኑ ቢቆልፍብኝ ኖሮ እገላገል ነበር አልኳት። የመግቢያ ቃል መዋዋስ እኛ ቤት ቀርቷል፤ አሁን አጽዳቂው በራሱ ስልክ የሚመጣ ኮድ ማስገባት አለበት። ያን ለውጥ ያመጣው ግን እኔ አይደለሁም። የሲስተሙ አቅራቢ ነው በግድ ያመጣብን። ሁላችንም አማረርን።

ምላሽ 24 የመጨረሻው ነው። ከምላሽ 18 ነው፣ አንድ መስመር ብቻ። የዚያን ዓርብ ስልክ ላይ የነበረው ድምፅ የአለቃዬ መሆኑን በምን እንዳረጋገጥኩ ይጠይቃል። መልሼ አልደወልኩለትም ነበር። ድምፁን ስለማውቀው።